ያልቀመሰችው ወተት

የማሪቱ ላም በቅበላ እሑድ ወለደች። ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል! የሱሉልታ ክርስቲያን ሁሉ የመጨረሻዋን ቅቤ ጠራርጎ በልቶ፣ ድስቱን በአመድ አሽቶ፣ በማግስቱ ለሚገባው ሁዳዴ አፉን ሊዘጋ በተሰናዳበት ቀን፣ ያቺ ቡራቡሬ የፈረንጅ ዲቃላ ጥጃዋን ዱብ አድርጋ ጡቷን እንደ ዱባ አሳብጣ ቆመች። የማሪቱ ባል ካሳሁን ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ ጥጃዋንም፣ ላሟንም፣ ሚስቱንም ተራ በተራ ካየ በኋላ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል የሰማይዋን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ለካ በደጅም ኖራለች ብሎ ሳቀ። ማሪቱ አልሳቀችም።

ላሟ ከደጃቸው እንዴት እንደ ቆመች መጀመሪያ ልንገራችሁ። ካሳሁን በጎጃም መንገድ ላይ የጥገና ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ደመወዝተኛ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ከአካፋና ከሬንጅ በቀር ሌላ ነገር የማያሳስበው ሰው። ማሪቱ ግን ገበሬ ናት፤ ከቤቷ ጓሮ በቀር የምታርሰው የሌላት ገበሬ። ባለፈው መስከረም አሥራት የሚባል ወጣት ከከብት እርባታ ጣቢያ መጥቶ ሕዝቡን ሰበሰበና፣ የአገራችን እርሻ ገብስ በገብስ ብቻ አያድግም፣ አዲስ አበባ በየዓመቱ እየሰፋች ነው፣ የምትጠጣው ወተት ትፈልጋለች፣ ከበሯ ላይ ያላችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ ብሎ ሰበከ። ለሙከራ የምትሰጥ አንዲት እርጉዝ ጊደር አለች፣ ማን ይወስዳታል ሲል ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እጇን ያወጣችው ማሪቱ ብቻ ነበረች።

ታዲያ ያን ጊዜ የላሟን መውለጃ ከሁዳዴ ጋር ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። አሥራት የቄስ ልጅ ነው፤ እሱም አላሰበውም። ቀኑን ያወጣው ከፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ነው፣ የፈረንጅ መጽሐፍ ደግሞ ሁዳዴን ከየት ያውቀዋል! ላሟ በወለደች በሳምንቱ መጥቶ ነገሩ ሲገባው ራሱን አከከ፣ አፈረ፣ ግን የጣቢያውን ሕግ መለወጥ አልቻለም። "እትዬ ማሪቱ፣ ለቅዳሜ ሹር ወደ እናቴ ስሄድ በዚህ አልፋለሁ" አላት። "ያን ጊዜ ላሟ ሳትነጥፍ፣ ትኩስ ወተቷም ገዢ አግኝቶ ካገኘሁ የእርስዎ ናት። ካልሆነ ጣቢያው ይወስዳታል።"

ካሳሁን ይህን ሲሰማ፣ ትወሰድ እንጂ፣ ምን ቀረብን ነበር ያለው። እሱ ምን ያውቃል። ማሪቱ የሰንዳፋ ልጅ ናት። አባቷ የሰው መሬት በእኩል ሲያርሱ ኖረው የሰው መሬት በእኩል ሲያርሱ አረጁ። መከር በደረሰ ቁጥር የጌታው ወኪል በበቅሎ ይመጣና ከአውድማው ዳር ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጣል። ገለባውን ነፋስ ይወስዳል፣ ገብሱን ወኪሉ ይወስዳል፤ አባቷ ላባቸውን ጠርገው ወኪሉን ጠላ ይጋብዙታል። ማሪቱ ሰፌድ ይዛ ከእናቷ ጎን ቆማ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም መጥቶ የማይካፈላት ነገር። ወተት ደግሞ አውድማ የለውም። ከላም ጡት ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ወኪል እስከ ዛሬ አልታየም። ይህን ለካሳሁን ነግራው አታውቅም፣ ይቀልድብኛል ብላ ትፈራ ነበርና።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገሩ ለጥጃዋ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ግን ጉድ መጣ። የአገሬው ላም የምትታለበው በቅል ነው፤ ይቺ ቅሉን ሞልታ፣ ጮጮውን ሞልታ፣ ወደ እንስራው ተሻገረች። ካሳሁን ስም አወጣላት፤ "ወይዘሮ" አላት፣ ቤቱ ሁሉ እሷን ሲያገለግል ይውላልና። ዛሬ ይቅርብሽ አትባልም፤ ጧትና ማታ ካልታለበች ጡቷ ይታመማል፣ ይነጥፋልም። ማሪቱ ክንዷ እስኪዝል ናጠች፣ ቅቤ አወጣች፣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ቅቤ ሆነ። ቅቤውስ ይሁን፤ ግን ለፋሲካ አገሩ ሁሉ ቅቤውን ገበያ ያወጣል፣ አሥራትም ያለው ትኩስ ወተት እንጂ ቅቤ አይደለም። አዲስ አበባ ወስዶ ለፈረንጅ መሸጥም ታስቦ ነበር። ግን እንጦጦን እስኪሻገር ወተቱ ወደ እርጎ ይሄዳል፣ ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ደግሞ መኪና ሁሉ በየኬላው እየቆመ ይፈተሻል። በሁዳዴ ወተት ይዞ ወዴት ይኬዳል?

መልሱ የተገኘው ላምባ ልትገዛ ከከድሩ ሱቅ ጎራ ባለች ቀን ነው። ከድሩ ከመኪና መናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ራህመት ሱቁንም ቤቱንም የምትመራ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተቃቅፈው በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት። ራህመት ላምባውን እየቀዳች ብሶቷን ዘረገፈችው። አማቷ ሼህ አብዶ እዚሁ ቤት ናቸው፣ የጎጃም መንገድ ሾፌሮችም ለማፍጠሪያ የሚሰበሰቡት እሷ ዘንድ ነው፣ ቴምሩም ሾርባውም ሞልቷል፣ ወተት ግን ከገበያ ጠፋ፤ በጋው የአገሩን ላም ሁሉ አደረቀው። ማሪቱ ልቧ ዘለለ፣ ግን ቶሎ አልተናገረችም። ከክርስቲያን ቤት ወተት ትወስጂ እንደሁ ብላ እንደ ቀልድ ጠየቀቻት።

"ሃይማኖት ያለው ሥጋ ነው እንጂ ወተት ምን ሃይማኖት አለው" አለች ራህመት።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ማሪቱ በየማታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወተቱን በጮጮ ሞልታ ታደርሳለች፤ አንዷ ስትሰጥ አንዷ ስትቀበል ሁለቱም ጾመኞች ናቸው። ጧት ጧት ጮጮው ታጥቦ ይመለሳል፣ ባዶውን ግን ተመልሶ አያውቅም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ከውስጡ አንድ ጭብጥ ቴምር ይገኛል፣ ወይ ሽምብራ፣ ወይ አንድ ሎሚ። ማሪቱ ክዳኑን ስትከፍት እንደ ልጅ ደስ ይላት ነበር። ሾፌሮቹ፣ የራህመት ወተት አለ ብለው ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ሳያፈጥሩ ይነዱ ጀመር ሲባል ሰማች፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፣ እሷ ግን አምናለች። ካሳሁንም ቀልዱን ቀነስ አደረገ።

ምን ዋጋ አለው፣ የወይዘሮዋ ሆድ የበጋ ሣር የሚበቃው አልነበረም። ከጣቢያው የመጣላት ድርቆሽ አለቀ። ይመጣል የተባለውም ቀረ። የሱሉልታ ሜዳ እንደምታውቁት የሣር አገር ነው፤ ግን ሣሩ የጌቶች ነው፣ በኅዳር ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በመኪና እየተጫነ ለአዲስ አበባ ፈረስና በቅሎ ይሄዳል። ማሪቱ ባዶ ግርግም እያየች፣ በአጠገቧ ድርቆሽ የጫነ መኪና ሲያልፍ አቧራውን ትጠጣ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው፤ ጎረቤቷ የሺወርቅ አረቄ ታወጣለች፣ ከአጥሯ ሥር አተላ ሞልቷል፣ ውሰጂው ስትላት ማሪቱ ተሸክማ ወሰደችው። ወይዘሮዋ ገንዳውን እስኪጠራ ላሰችው። ወተቱ መጉደሉ ቀርቶ ጨመረ። ካሳሁን ከሥራ ሲገባ፣ እኔ ገና ሳልቀምስ እሷ አምሽታ መጣች ይል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያን ወተት ፋሲካ እስኪደርስ ማሪቱ አትቀምሰውም። ራህመትም ፀሐይ እስኪጠልቅ አትቀምሰውም። ሽታው እንኳ እንዳይነግራት፣ የማሪቱ ግቢ፣ ልብሷና እጇ ሁሉ አተላ አተላ ሸትቶ አፍንጫዋ ከለመደው ቆይቷል፤ ጮጮው ደግሞ በወይራ የታጠነ ነው። አንዲት ላም፣ ሁለት ጾመኞች፣ የሚቀምስ የለም።

አተላው እየበዛ በሄደበት ሰሞን አንድ ማታ የሆነውን ማሪቱ የሰማችው በኋላ ነው። አዛኑ ተሰማ፣ ሼህ አብዶ ቴምራቸውን ቀመሱ፣ ወተቱን አነሡና አንድ ጊዜ ጎነጩ። አልዋጡትም። በእጃቸው መዳፍ ላይ መልሰው ተፉት። ሾፌሮቹም አንድ በአንድ ኩባያቸውን አስቀመጡ። አንዱ ብቻ እርግጠኛ ልሁን ብሎ ሁለተኛ ጎንጨት አለ ይባላል፣ ስሙን ግን አልነግራችሁም። በረመዳን፣ በሼሁ ማዕድ፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ አረቄ የሚሸት ወተት! ራህመት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ጧት ጮጮው ከማሪቱ ደጅ ተቀምጦ ተገኘ። ስታነሣው ከበዳት። ዛሬስ ምን ላከችልኝ ብላ ፈገግ እያለች ክዳኑን ስትከፍት የራሷ ወተት ነው፤ ከጥቂት በቀር ምንም አልጎደለም። ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሙሉውን ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ማሪቱ ጮጮውን እንዳቀፈች ወደ ራህመት ቤት ሄደች።

ራህመት ከሱቁ ጀርባ ካለው ግቢ አስገባቻት። አልተቆጣችም፣ ቁጣስ በተሻለ። ጮጮውን መሐላቸው አስቀምጣ ምን እንደ ጨመረችበት ጠየቀቻት። ማሪቱ ምንም አለች። እንግዲያ አሽትቺው ተባለች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ወይራ ብቻ ሸተታት። እንግዲያ ቅመሺው አለቻት ራህመት። ማሪቱ፣ በሁዳዴ? አለቻት። ራህመትም በረመዳን ቀን እሷም መቅመስ እንደማትችል ትዝ አላት። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጮጮ ወተት ላይ ቆመው ተያዩ።

ማሪቱ ያን ጊዜ መዋሸት ትችል ነበር። ጮጮው ነው፣ ጭሱ ነው፣ ላሟ መራራ ቅጠል በልታ ነው ብትል ማን ያስተባብላት ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ሼህ አብዶ ሌሊቱን አፋቸውን ሲጉመጠመጡ እንዳደሩ ራህመት ቀስ ብላ ስትነግራት፣ የሴትዮዋን ዓይን ማየት አቃታት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ብቅሉ አስቀድሞ በወተቱ ወጥቷል፣ የቀረው የማሪቱ አፍ ነበር።

"አተላ ነው የማበላት" አለች። "የአረቄ አተላ። ሣር የለኝም።"

ራህመት የጮጮውን ክዳን ገጠመች። ከዚያ፣ "ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን ነው የተገበያየነው" አለቻት። "ግን ማሪቱ፣ ሣር ስትበላ በዓይኔ ካላየሁ ወተትሽ ከዚህ ደጃፍ አይገባም።"

ማሪቱ ቤቷ ገብታ በረቱ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። ካሳሁን ሊያጽናናት ብሎ፣ ይህቺን ላም ይውሰዷትና እንረፍ፣ ከጌቶች ጋር ሣር ተሻምተሽ አትችይም ሲላት ጭራሽ ባሰባት። እውነቱን ነበር፣ ያሳመማትም እሱ ነው። ወተት አውድማ የለውም ብላ ነበር፣ ለካ አውድማው ሣሩ ላይ ኖሯል። ያ ባለጃንጥላ ወኪል እሷ ሳታየው ከግርግሙ ዳር ተቀምጦ ነበር። ወይዘሮዋ ከጀርባዋ እያመነዠከች ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ የየሺወርቅን ቤት ይመስላል። ማሪቱ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች፤ እሺ ብዬ አልሰጣትም አለች ለራሷ።

በማግስቱ ከኮረብታው ላይ ወጥታ ሜዳውን ቁልቁል አየችው። ሁሉም ቢጫ ነው፣ ታጭዷል። ከወንዙ ዳር ብቻ አንድ አረንጓዴ ቁራጭ ተኝቷል፤ ጨፌ ነው፣ በጋ ከክረምት ውኃ የማይጠፋው ረግረግ ሣር። በሱ ላይ አንድ በሬ ብቻውን ይግጣል። ከበሬው አጠገብ ኦቦ ኢቲቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የጌቶችን መሬት የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሪቱ አባቷን ስለሚመስሏት በገበያ ባየቻቸው ቁጥር ቆማ ሰላም ትላቸዋለች። ወርዳ፣ "አካም ጅርቱ ኦቦ ኢቲቻ" ብላ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም "ፈያ፣ ፈያ፣ ያ ማሪቱ" ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

ማሪቱ ነገሯን ከቅበላው እሑድ ጀምራ እስከ ሼህ አብዶ መዳፍ ድረስ ነገረቻቸው። ወተቱ ከሼሁ አፍ ሲመለስ የሚለው ላይ ስትደርስ የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ይቅርታሽን ብለው አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ከዚያ ወደ በሬያቸው እያዩ ቆዩ። ጨፌው ለማረስ አይሆንም፣ ውኃ ይይዛል፤ ስለዚህ ጌታው ለበሬዎችህ ይሁንህ ብሎ ትቶላቸዋል። ባለፈው ክረምት ግን አንዱ በሬ ሞተባቸው። አሁን የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው፤ አንድ የሳቸው በሬ፣ አንድ የጎረቤት፣ አንድ ቀን ለሳቸው፣ አንድ ቀን ለጎረቤት።

"ይህ ጨፌ የሁለት በሬ ነው" አሉ። "የሞተው በሬዬ ድርሻ እዚሁ ቆሟል። ላምሽ ትብላው።"

ማሪቱ በምትኩ ምን እንደምትሰጣቸው ጠየቀች። ወተት በሁዳዴ አይጠጡም፣ ሌላ ያላት የለም። ኦቦ ኢቲቻ ግን አስበውበት ኖሯል፤ እበቷን አሏት። "መሬቴ ደክሟል። ሴቶቻችን እበቱን ኩበት ጠፍጥፈው አዲስ አበባ ያወርዳሉ። ሣራችንም በመኪና ወደዚያው ይሄዳል። ከተማው ይሞቃል፣ ፈረሱ ይበላል፣ መሬቱ ጦሙን ያድራል። መሬትም እንደ ሰው ነው፤ ፋሲካ የሌለው ጾም አይችልም።"

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ማሪቱ የየሺወርቅን አተላ አመስግና መለሰች፣ የሺወርቅም ለአንድ ሁለት ቀን አኩርፋ ተወችው። በየጧቱ ማጭድ ይዛ ጨፌ ትወርዳለች፣ እበቱን በቅርጫት ይዛ ሄዳ ሣሩን በጀርባዋ ይዛ ትመለሳለች። አንድ ጧት ካሳሁን ሳይጠየቅ ቅርጫቱን ከእጇ ተቀበላትና፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መንገድ አለቃ የወይዘሮ እበት ተሸካሚ ሆነ እያለ እስከ ወንዙ ድረስ ተሸከመላት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነበት። የእነዚያን ቀናት ወተት ማሪቱ ለጥጃዋ ሰጠች፣ የተረፈውን ናጠች፣ ለሰው ግን አንድ ኩባያ አልሰጠችም።

ራህመት እንዳለችው መጣች። ነጠላዋን ሰብስባ በረቱ ገባች፣ ላሟ ርጥቡን ሣር ስታኝክ ቆማ አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የላሟን አፍ አሸተተች። ካሳሁን በዕድሜዬ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፣ የላም አፍ ሲሸተት ግን ዛሬ ነው ብሎ ሊስቅ ሲል ማሪቱ በክርኗ ወጋችው። ራህመት ቀና አለች። ዛሬ ማታ አምጪው፣ ግን ወተቱን ሰጥተሽኝ አትሂጂ፣ እስክቀምሰው ትቆሚያለሽ አለቻት።

ማሪቱ ማታ ጮጮውን ይዛ ከራህመት ሳሎን ደጃፍ ቆመች። ግቢ ብትባልም አልገባችም። ሼህ አብዶ ከቦታቸው ነበሩ፣ ከድሩ ከጎናቸው፣ ሾፌሮቹም በግድግዳው ዙሪያ። አዛኑ ሲሰማ ሁሉም ቴምሩን ቀመሰ፣ ወተቱን ግን ማንም አልነካም። ሼህ አብዶ ኩባያቸውን አስቀምጠው ምራታቸውን አንቺ ቅደሚ አሏት። ራህመት ቢስሚላህ ብላ አንድ ጊዜ ጎነጨችና ወተቱን በአፏ ይዛ ቆየች። ማሪቱ ዓይኗን ከራህመት ጉሮሮ ላይ አልነቀለችም። ላሟ፣ ጨፌው፣ የሞተው በሬ፣ አባቷ፣ ሁሉም እዚያች ጉሮሮ ላይ ቆመው ነበር። ራህመት ዋጠች። ሁለተኛ ጎነጨች፣ ሦስተኛ ጎነጨች፣ ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጇ ለአማቷ ሰጠች። ሼሁም ጠጥተው አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ወደ ደጃፉም ዞር ብለው ማሪቱን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት። ማሪቱ እጅ ነስታ ተመለሰች።

ረመዳን አለቀ፣ ዒድ አለፈ፣ ወተቱ ግን አላቋረጠም። የከድሩ ቤት ለምዶታል፣ ሾፌሮቹም ሲያልፉ ይጠጣሉ፣ ከሱቁ አጠገብ ያሉት ሌሎች ነጋዴዎችም ለልጆቻቸው ይወስዱ ጀመር። ጮጮው ጧት ጧት በየዓይነቱ ነገር ይዞ ይመለሳል። ኦቦ ኢቲቻ እበቱን በትነው አንድ ጥማድ መሬት ገለበጡበት። ዘንድሮ ገብሴ ይመለከተኛል አሉ።

ቅዳሜ ሹር አሥራት በቃሉ መጣ። ቄጠማውን በራሱ አስሮ፣ ለእናቱ የገዛውን ዕቃ በብብቱ ይዞ ነበር። ላሟን ዞሮ አያት፣ ጡቷን ዳሰሰ፣ ጥጃዋን አየ፣ ግርግሙ ውስጥ እጁን ሰዶ ርጥቡን ሣር ሲያገኝ ከየት መጣ ብሎ ተገረመ። ራህመት ከሱቋ ወጥታ ወተቱን ማን ማን እንደሚወስደው ነገረችው። አሥራት በደስታ ሳቀና ማሪቱን እጅ ነሣት፤ እንግዲህ ላሟ የእርስዎ ናት፣ ማንም አይወስዳትም አላት። ማሪቱ ያን ቃል ስንት ቀን ስትጠብቀው ኖራ፣ ሲመጣ የላሟን ግንባር አከከችላት። ከዚያ ልጁ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ "ለመሆኑ ጣዕሙ እንዴት ነው?" አላት።

ማሪቱ፣ ሰው ጥሩ ነው ይላል አለችው። ካሳሁን ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ጀመረና የሚስቱን ፊት አይቶ ሳይጨርሰው ተወው።

የፋሲካ ቅዳሴ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎሕ ቀድዷል። ኦቦ ኢቲቻም ከዚያው ከቅዳሴ ስለሚመለሱ አብረዋቸው ነበሩ። ከደጃቸው ሲደርሱ ራህመት ጮጮውን በነጠላ ጠቅልላ ቆማለች። ማሪቱ እጇን ዘርግታ ስትቀበል ከበዳት። ሙሉ ነበር። ልቧ ከሁለት ተሰነጠቀ፤ በፋሲካ ጧት፣ ላሟ የኔ ሆነች ባለችበት ማግስት፣ ወተቷ እንደገና ሙሉውን ተመለሰ!

ራህመት ፊቷን አይታ ገባት። "አትደንግጪ" አለች። "የማታውን ወተት ማንም እንዳይነካው አደረግሁ። አፍልቼ ላንቺ አቆየሁት። ያን ቀን ከደጃፌ ቆመሽ አየሽኝ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው። ቅመሺ።"

ካሳሁን ኩባያ ሊያመጣ ሮጠ። ማሪቱ ቀድታ እንደ ወጉ አስቀድማ ለሽማግሌው ዘረጋች፤ ኦቦ ኢቲቻ በእጃቸው መልሰው፣ ባለቤቷ ትቅደም አሉ። ሦስቱም ቆመው ያዩዋት ጀመር። ማሪቱ አማተበችና ጎነጨች። ወተቱ ጣፋጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከጣፋጩ በስተኋላ ደግሞ ሣር ሣር ይላል፤ ጧት በማጭድ ስታጭደው እጇ ላይ የሚቀረው የጨፌው ሽታ ነው። በሰንዳፋ፣ ልጅ ሆና፣ ከአባቷ ጋር ከእርሻ ስትመለስ የምታውቀው ሽታ። እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም። ካሳሁን እህስ፣ እንዴት ነው ብሎ ቢጠይቃት ኩባያውን ለሱ ሰጠችው።

ከዚያ ጮጮውን አነሣችና ለኦቦ ኢቲቻ ቀዳች፣ ለራህመት ቀዳች፣ ለየሺወርቅ እንዲደርስላት በአጥሩ በኩል አንድ ኩባያ አሳለፈች። ዕድሜዋን ሙሉ የሚካፈላት የሌለ ነገር ስትመኝ ኖራ፣ ላሟ የራሷ በሆነች በማግስቱ፣ ገና ሁለተኛ ሳትጎነጭ ጮጮዋ ግማሽ ደርሶ ነበር። ማሪቱ ጎንበስ ብላ ውስጡን አየችና ሳቀች። ከደጇ የቆሙትን አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው፤ ጃንጥላ የዘረጋ ማንም አልነበረም።